ማይኩ ሲዘጋ ስለ ባለሥልጣን የምንለውና ማይኩ ሲከፈት የምንለው

የድሮው_ካሜራማን (ቱሉ ዲምቱ) · ቅዳሜ ምሽት 2፡15

ሰላም ጎረቤቶች። ዛሬ ከሰዓት አንዲት ቡና አፍዪ አፌን አስያዘችኝ። ሳልጽፈው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከታክሲ መያዣው ወረድ ብሎ ባለው ጀበና ቡና አራት ሆነን ተቀምጠናል። ሦስቱ አሁንም በሥራ ላይ ያሉ ጋዜጠኞች ናቸው። ከአዳማ ስብሰባ ሲመለሱ ከክፍያ መንገዱ ወጥተው እኔን ሊጠይቁ ጎራ አሉ። እኔ ከሙያው ከወጣሁ ቆየሁ፤ አሁን ሠርግና ክርስትና ነው የምቀርጸው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቷል። አንድ ባለሥልጣን ብቅ አለ። ጣቱን ቀስሮ ይናገራል። ከእኛ አንዱ ሲኒውን አስቀመጠና "ይሄ ሰውዬ እኮ የሚያነበውን ቀድሞ አያየውም። ባለፈው አንዱን ገጽ ሁለቴ አነበበው። ደፍሮ የነገረው የለም" አለ። ሳቅን። ሁለተኛው የራሱን ጨመረ። ሦስተኛውም አላነሰም። እኔም አልቀረሁም።

ቡና የምታፈላው ልጅ ከሰሉን እያራገበች ስትሰማን ኖሯል። ቀና አለችና "እንዴ፣ ባለፈው ሳምንት 'አርቆ አሳቢ' ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?" አለችው።

ሳቁ ቆመ። ልጁ ቶሎ ብሎ ሂሳብ ከፈለ።

እሷ ለሱ ተናገረች እንጂ የነካችው እኔን ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ከከተማው ጫፍ ወዳለ መንደር የውሃ ቦኖ ምረቃ ልቀርጽ ተላክሁ። ድንኳን አለ፣ ሪባን አለ፣ አበባ የያዙ ሕፃናት አሉ። ሰውዬው ቧንቧውን ሲከፍቱ ውሃው ፏ አለ። እልልታው ቀለጠ። ሪፖርተራችን ለካ ማይኩን መክፈት ረስቷል። "ክቡርነትዎ፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልን" አልናቸው። ዘጉት። ኮታቸውን አስተካከሉ። ከፈቱት። ፉጨት ብቻ። ትንሽ አየር፣ ሁለት ጠብታ፣ በቃ። ዞር ብዬ ከድንኳኑ ጀርባ ሳይ ቦቴ መኪና ቆሟል። የውሃ ጎማው ከቦኖው ጋር ተቀጥሏል። ቦቴው አልቆ ነበር።

ምን አደረግን? ምስሉን ከመጀመሪያው ወሰድን። እልልታውን ከሌላ ምረቃ አመጣን። አዎ፣ የእልልታ ፋይል ነበረን። ዜናው ላይ አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን ይዘው ሲስቁ ይታያሉ። ያ ሳቅ ከሁለተኛው አከፋፈት የተወሰደ ነው። በፉጨቱ ነበር የሳቁት። ሕዝቡ የደስታ ሳቅ መሰለው።

ሰውዬው በዚያ ዜና ስም አወጣ። "የውሃው ሰውዬ" ተባለ። ሌላ ቦታ ሲሾም ሰው አጨበጨበለት። ያንን ዝና ማን ሰጠው? እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ በደመወዝ።

ጋዜጠኞች ካላችሁ ንገሩኝ፤ ማይኩ ሲዘጋ የምትሉትን ማይኩ ሲከፈት ለምን አትሉትም? ጋዜጠኛ ያልሆናችሁም አስተያየታችሁን ጣል አድርጉ።

---

ኮዬ_ብሎክ (ኮዬ ፈጬ) · ቅዳሜ ምሽት 2፡40

የእልልታ ፋይል! ባሌ ምን ነካሽ እስኪለኝ ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን ተናደድኩ።

ቡና አፍዪዋ ልክ ናት። ግን ከዚያም አልፌ ልሂድ። እናንተ ቡና ላይ የምታወሩት ለኔ ምን ይጠቅመኛል? ሰውዬው አንድ ገጽ ሁለቴ እንደሚያነብ አወቅሁ እንበል። እሺ፣ ከዚያስ? እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ራሱ ፈረቃ አለው። "እገሌ ባዶ ነው" ብትሉኝ ጀሪካኔ አይሞላም።

እኔ ከጋዜጠኛ ሐሜት አልፈልግም። ቀኑን ስጡኝ። መቼ ምን አለ? መቼ እሠራለሁ አለ? ደረሰ ወይስ አልደረሰም? ይህን የሚነግረኝ ዜና አይቼ አላውቅም። "ቃል ገቡ" ይባላል፤ ሁለተኛ ተመልሶ የሚጠይቅ የለም።

---

ሬዲዮ_ጆሮ (ገላን) · ቅዳሜ ምሽት 3፡05

ኮዬ_ብሎክ፣ መታሽን። እኔ በሥራ ላይ ያለሁ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነኝ። ስሜን አልነግራችሁም፤ የቤት ኪራይ አለብኝ።

መጀመሪያ ካሜራማኑን ልያዝ። ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። ቦኖው ጋ ስትደርስ "ሰውዬው ሲከፍቱ"፣ "ኮታቸውን አስተካከሉ" ትላለህ። ዜናው አልፎ ስታማው "ስም አወጣ" አልክ። አየህ? ካሜራ ሲኖር እሳቸው፣ ካሜራ ሲጠፋ እሱ። ይህ በሽታ የሁላችንም ነው። ስቱዲዮ ስንገባ ሰውየው በአንቱታ ይገባል፤ ወጥቶ የመኪናው በር ሳይዘጋ አንተ ይሆናል። በአማርኛ ንቀትና አክብሮት የግሡ ጭራ ላይ ነው ያለው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ለአንድ ሰው ማዋል ለምደናል።

ደግሞ ግሦቻችንን ታዘቡ። ባለሥልጣን ዜናችን ላይ ብሎ አያውቅም። ያስገነዝባል። ያሳስባል። ያስታውቃል። ያረጋግጣል። አንዳንዴ "አቅጣጫ ያስቀምጣል"። አቅጣጫውን የት እንዳስቀመጠው ተመልሶ የሚፈልግ የለም። ነዋሪው ግን "ቅሬታውን ያሰማል"። መሐንዲሱ የጉድጓዱን ጥልቀት በሜትር ቢነግረን ቆርጠን "ባለሙያው ገለጹ" ብለን እናልፈዋለን። አንዴ "ኃላፊው ብለዋል" ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ "ብለዋል" የሚለውን ሰርዞ "አስገንዝበዋል" አደረገው። ምን እንዳስገነዘቡ ብጠይቀው ዝም አለኝ። እሱም አላገኘውም።

ለምን አናወጣውም ላልከው፣ ሰው ሁሉ ፍርሃት ነው ይላል። ፍርሃትም አለበት፤ አልዋሽም። ግን እኔ ዘንድ ትልቁ ሌላ ነው። ነገ ያ ሰውዬ ስልክ ካላነሳልኝ ዜና የለኝም። አለቃዬ ስንት ዜና አመጣህ ነው የሚለኝ። ስንቱ እውነት ነው ብሎኝ አያውቅም። ደህና ባለሥልጣን ማለት ስልክ የሚያነሳ ነው። ምንም ባይሠራ ስልክ ካነሳ በየሳምንቱ ይጠቀሳል። በየሳምንቱ የሚጠቀስ ሰው ደግሞ ይታወቃል። ዝና በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚመጣው። በስልክ።

---

መግለጫ_ጸሐፊ (ጀሞ) · ቅዳሜ ምሽት 3፡30

እንግዲህ የምትሰድቡት ሰው መጥቷል። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮሙዩኒኬሽን ነኝ። "አርቆ አሳቢ" የሚለውን ቃል የምጽፈው እኔ ነኝ። እናንተ ኮፒ ታደርጋላችሁ።

ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ባለሥልጣን ሁሉ ባዶ አይደለም። እኔ የሠራሁላቸው አንድ ሴት ኃላፊ ነበሩ፤ ካሜራ ሲያዩ ኮሪደር ይቀይራሉ። መግለጫ አዘጋጅቼ ስወስድላቸው "ቧንቧው ሳይቀበር ምን ልበል ልጄ?" ይሉኝ ነበር። ቧንቧው ተቀበረ። እሳቸው ተነሱ። መራቂው ሌላ ሰው ሆነ። ስማቸውን ብነግራችሁ አታውቁትም። እናንተ ደግሞ አንድም ቀን መጥታችሁ አልጠየቃችሁም፤ ምክንያቱም ሪባን አልነበራቸውም።

ሁለተኛ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና አበሉን አንርሳ። መድረክ ስናዘጋጅ ጋዜጠኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው "መግለጫው ምን ላይ ነው?" አይደለም። "ውሎ አበል ስንት ቀን ነው? ትራንስፖርት ተይዟል ወይ?" ነው። ፈርሞ ይወስዳል። የፈረመበትን ሰነድ እኔ ፋይል አደርጋለሁ። ከዚያ ቱሉ ዲምቱ ቡና ላይ ተቀምጦ የፈረመለትን ሰው ያማል። የሰውን በልተው የሰውን ማማት ምን ይባላል?

---

ሬዲዮ_ጆሮ · ቅዳሜ ምሽት 3፡38

ደመወዜን ብነግርህ አበሉን አንተ ራስህ ትጨምርልኝ ነበር።

---

መግለጫ_ጸሐፊ · ቅዳሜ ምሽት 3፡41

የኔን ብነግርህ ደግሞ ቡናውን አንተ ትጋብዘኝ ነበር። ነጥቡ ግን እሱ አይደለም።

---

ሬዲዮ_ጆሮ · ቅዳሜ ምሽት 3፡49

ነጥቡ ገብቶኛል። እንዳልገባኝ ለመምሰል ነው የቀለድኩት። ፈርሜያለሁ። ብዙ ጊዜ። አንድ ቀን ግን አልፈረምኩም ብዬ ጀግና ልመስላችሁ አልፈልግም፤ ያ ቀን አበሉ ዘግይቶ ነው።

---

ጋሼ_አቃቂ (አቃቂ) · እሑድ ጠዋት 1፡20

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ በሌሊት ነው የምነሳ፤ የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ድሮ ንጉሥ "እረኛ ምን ይላል?" ብሎ ያስጠይቅ ነበር ይባላል። መኳንንቱን አያምንማ። እረኛው ከብት እየነዳ የሚያዜመውን ሰምተው ይነግሩታል። አዝማሪም በሰምና ወርቅ ፊት ለፊቱ ይነግረው ነበር፤ ያልገባው ይስቃል፣ የገባው ያቀረቅራል። እናንተ ቡና ላይ የምታደርጉት እሱን ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። እረኛ አበል አይፈርምም።

ስለ ካሜራው አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በ1967 ዓ.ም. ወጣት ነበርኩ፤ እዚሁ አቃቂ ፋብሪካ እሠራለሁ። ቴሌቪዥን እንደ ዛሬ በየቤቱ የለም። በ1957 የተጀመረ ነው፤ ከተጀመረ ጀምሮ ጃንሆይን ያላሳየበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሲመርቁ፣ ሲጎበኙ፣ ሲሸልሙ። የመስከረም 1 ዕለት ማታ አንድ ቡና ቤት ታጭቀን እያየን ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ወሎ ገብቶ የቀረጸውን የረሀብ ፊልም አወጡት። አጥንታቸው የቀረ ሕፃናት ይታያሉ። ወዲያው የቤተ መንግሥት ግብዣ ይመጣል። እንደገና ረሀቡ። እንደገና ግብዣው፣ የጃንሆይ ውሾች። ቡና ቤቱ ውስጥ ሲኒ የሚያነሳ ጠፋ። በማግሥቱ፣ መስከረም 2፣ ጃንሆይ ወረዱ።

ያን ጊዜ አልገባኝም፤ አሁን ካሜራማኑ ስለ እልልታ ፋይል ሲጽፍ ገባኝ። የግብዣው ፊልም አዲስ አልነበረም። ያው ለክብራቸው የተቀረጸው ነው። መቀስ የያዘው ነው የተለወጠ። ረሀቡ ደግሞ በመስከረም 1 አልጀመረም። ዓመት አልፎት ነበር። የኛዎቹ ጋዜጠኞች አያውቁም ነበር ብዬ አላምንም፤ ማታ ማታ ተነጋግረውበት ይሆናል።

ዝናን ካነሳችሁ ደግሞ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ያን ዝና ካሜራማን አልሰጠውም። ሰዓት ነው የሰጠው። ለባለሥልጣን ሰዓት የሚይዝለት ማን ነው? ኮዬ ያለችው ልጄ "ቀኑን ስጡኝ" ያለችው እሱን መሰለኝ።

---

ላይቭ_ነኝ (የካ አባዶ) · እሑድ ጠዋት 4፡10

ጋሼ 🙏 ያ መቀስ የተባለው ነገር ከባድ ነው።

እኔን ደግሞ ስድብ ሳይጀመር ልናዘዝ። ቲክቶክ ላይ ነኝ። ምን ትሠራለህ ብትሉኝ፣ ላይቭ እገባለሁ። "ታፕ ታፕ አድርጉ" እላለሁ። የቲክቶክ ስጦታ፣ አንበሳ፣ የላከልኝን ሰው ስሙን እየጠራሁ እጮኻለሁ። ሰው መንገድ ላይ ፎቶ ይነሣኛል። ምንም እንዳልሠራሁ አውቃለሁ፤ እናቴም ታውቃለች፣ በየቀኑ ትነግረኛለች።

ግን ስሙኝ። ባለፈው አንድ መሥሪያ ቤት ለዝግጅት ጠራኝ። የፊተኛው ወንበር ላይ "ክቡር እንግዳ" የሚል ወረቀት ተለጥፎልኛል። አጠገቤ አንድ ባለሥልጣን። ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ "ልጄ በጣም ነው የምትወድህ፤ አንድ ቪዲዮ እንሥራ" አለኝ። ሠራን። የሱ ፎቶግራፍ አንሺ እኛን እየቀረጸ ነው፤ የኔ ጓደኛም እየቀረጸ ነው። እሱ የኔን ተከታይ ፈልጓል። እኔ የሱን ወንበር ፈልጌያለሁ። ሁለታችንም ኪሳችን ባዶ፤ ተበዳድረን ወጣን።

ማታ ዜና ላይ "ከታዋቂ ሰዎች ጋር በመሆን ችግኝ ተከሉ" ተባለ። እውነት ለመናገር ችግኙን የያዝኩት ለቪዲዮው ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ልጅ "ወንድሜ፣ ላስቲኩን አውጣውና ትከለው" አለኝ። ከነላስቲኩ ልተክለው ነበር።

ዝና የማይገባው ሰው ካላችሁ እኔ አለሁ። ግን እኔን ማንም "የሀገር ባለውለታ" አላለኝም። የክብር ዶክትሬት ተቀብሎ በማግሥቱ ፖስተሩ ላይ "ዶ/ር" የሚያስጽፈውንስ ምን እንበለው?

---

ኮዬ_ብሎክ · እሑድ ጠዋት 4፡25

ከነላስቲኩ 😂 ይህን ልጅ ወደድኩት። ቢያንስ ያወራል።

---

ሕግ_ያነበበ (ሰሚት) · እሑድ ከሰዓት 8፡00

ጋዜጠኞቹ ስለ ስም ማጥፋት ሳያነሱ ስላለፉ ትንሽ ልጨምር።

በ1985 በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍህን ከማተምህ በፊት ለሳንሱር የምታቀርብበት ሕግ የለም። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ በሚዲያ የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ የካሳ ጉዳይ አድርጎታል። ሌላ የሚያሳስር ሕግ የለም አላልኩም፤ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ግን ቡና ላይ የምትሉትን እዩት። "ባዶ ነው።" "አያነብም።" "ትዕቢተኛ ነው።" ይህ አስተያየት ነው። በአየር ላይ ብታወጡትም ለማንም አይረባም፤ ሰውዬው "ምቀኞች" ብሎ ያልፈዋል። "በዚህ ቀን ሦስት ጉድጓድ ይቆፈራል ብለው ነበር፤ ዛሬ ያለው አንድ ነው" ብትሉ ግን ማንም ምቀኛ ሊላችሁ አይችልም። ለመከሰስም አስቸጋሪ ነው፤ እውነት ነዋ። የሚገርመው፣ ቀላሉንና የማያስከስሰውን ትተን ከባዱን በሹክሹክታ እናወራለን።

ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ "ክቡር ሚኒስትር" የሚለው ዓምድ ለምን እንደሚወደድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ስም የለውም። ሰው ሁሉ "ይሄ እገሌ ነው" እያለ ይገምታል። ሁሉም ይስቃል፤ ሚኒስትሮቹም ሳይስቁ አይቀሩም፣ ስለ ጎረቤት ቢሮ መስሏቸው።

---

ሬዲዮ_ጆሮ · እሑድ ከሰዓት 8፡35

ሕግ_ያነበበ ያልከው ቀላል አይደለም እንጂ ልክ ነው። ሦስት ጉድጓድ ለመቁጠር መኪና ያስፈልጋል። መኪናውን ማን ይሰጠኛል? ያው ባለ ጉድጓዱ።

አንድ ጊዜ ግን ተሳክቶ አይቻለሁ። የ1997ቱን የምርጫ ክርክር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ያን ጊዜ ተማሪ ነኝ፤ ሠፈሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ገብቶ ነበር። ግሥ የሚያሳምርላቸው አልነበረም። የተንተባተበው ተንተባተበ፤ ያወቀው አወቀ። ከዚያ በፊት ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ሰዎች በአንድ ምሽት ታወቁ። ትልቅ ነው ሲባል የኖረውም በአንድ ምሽት ትንሽ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ትቼዋለሁ። እኔ ጋዜጠኛ ልሁን ያልኩት ግን እዚያ ነው። ሥራው እንደዚያ መስሎኝ።

---

የድሮው_ካሜራማን · እሑድ ምሽት 1፡30

ሠርግ ላይ ውዬ አሁን ገባሁ። ብዙ ነገር አምልጦኛል።

መግለጫ_ጸሐፊ፣ ስለ ሴትየዋ ያልከው ወጋኝ። እኔም እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። ያ ቦኖ ያልኳችሁ ቦታ አንድ የፓምፕ ቴክኒሻን ነበር። ቱታው ግራሶ በግራሶ። ቦቴው ሲያልቅ ጋዜጠኛው ሁሉ ሲደናገጥ እሱ ብቻ ተረጋግቶ "መስመሩ እኮ ገና ስድስት መቶ ሜትር ይቀረዋል፤ ነግሬያቸው ነበር" አለኝ። ቀረጽኩት። አዎ፣ ቀርጬው ነበር! ኤዲት ክፍል ስንገባ "ይሄ ግራሶ የለበሰ ማነው? ፍሬሙን ያበላሻል" ተባለ። ወጣ። የዚያ ቀን ብቸኛዋ እውነት እሷ ነበረች፤ አሥራ አንድ ሰከንድ።

ሰዎች ካሜራ ምን እንደሚያደርግ አያውቁም። ሰውን ማግዘፍ ከፈለግህ ትራይፖዱን እስከ ጉልበት ታወርደዋለህ፤ ከታች ወደ ላይ ታየዋለህ። ሰማዩ ከኋላው ይሆናል። አጭሩ ይረዝማል። አርባ ሰው ቢመጣ ራቅ ብለህ በረጅም ሌንስ ትስባለህ፤ ጭንቅላት ጭንቅላት ላይ ይደራረባል፤ አርባው አራት መቶ ይመስላል። ባዶ ወንበሮቹን ከፍሬም ታወጣለህ። ይህን ሁሉ እንድዋሽ አዞኝ የሚያውቅ የለም። እጄ ለምዶታል። ዛሬም ሠርግ ላይ ሙሽራውን ከጉልበት ነው የምቀርጸው። እሱ ግን ከፍሎኛል፤ ለአንድ ቀን ንጉሥ ነው፣ ማንንም አልጎዳም።

ኮዬ_ብሎክ፣ "ቀኑን ስጡኝ" ያልሽውን ለነዚያ ልጆች በስልክ አነበብኩላቸው። "አርቆ አሳቢ" ያለው ዝም አለ፤ ከዚያ "ቀኑን ማን ይይዛል፣ በሳምንት ስንት ቃል ነው የሚገባው" አለኝ።

---

ኮዬ_ብሎክ · እሑድ ምሽት 2፡05

እኔ ይዣለሁ በለው።

እየቀለድኩ አይደለም። የልጄ የአምና ደብተር፣ የሂሳቡ፣ ከኋላው ባዶ ገጽ ተርፎት ነበር። ለብሎካችን ውሃ ጉዳይ አቤት ለማለት በሄድን ቁጥር እጽፋለሁ። ኅዳር 12፣ "በሁለት ሳምንት"። ታኅሣሥ 3፣ "ፓምፕ ተገዝቷል፣ ይገጠማል"። ጥር 20፣ "ፓምፑ መጥቷል፣ ባለሙያ የለም"። የካቲት 9፣ ኃላፊው ተቀይረዋል፤ አዲሱ "ጉዳዩን ገና እያጠናሁ ነው"። መጋቢት 2፣ አዲሱ ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርበው የአካባቢውን የውሃ ችግር "በከፍተኛ ደረጃ እንደቀረፉ" ተናገሩ። አስገነዘቡ ልበል መሰለኝ። ያን ቀን ከሥሩ የጻፍኩት፣ "ዛሬ ውሃ የለም፤ ሁለት ጀሪካን ገዛሁ" ይላል።

---

ሬዲዮ_ጆሮ · እሑድ ምሽት 2፡12

እቴ፣ ያንን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ስምሽን አልጠቅስም። ቃል አልገባም፤ ለአርታኢዬ አሳየዋለሁ።

---

መግለጫ_ጸሐፊ · እሑድ ምሽት 2፡16

መጋቢት 2 የተባለው መግለጫ የኔ እንዳይሆን ፋይሌን እያየሁ ነው። (አይደለም። ግን "በከፍተኛ ደረጃ" የምትለዋን ቃል እኔም እወዳታለሁ።)

---

ኮዬ_ብሎክ · እሑድ ምሽት 2፡30

ላክሁት ሬዲዮ_ጆሮ። ቃል አልገባም ማለትህን ግን ቀን ጽፌ ይዤዋለሁ 🙂

የካሜራማኑን ቴክኒሻን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የኛ ብሎክ ዘበኛ አለ። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ፓምፑን የሚያስነሣ፣ ሮቶው ሲሞላ የሚዘጋ እሱ ነው። እሱ ባይነሣ ሠላሳ አባወራ ፊቱን አይታጠብም። ልጆቼን ስሙ ማን ነው ብላቸው "ዘበኛው" አሉኝ። እኔም አላውቀውም ኖሯል፤ "አባባ" እያልኩ ስንት ጊዜ። ቅድም ወርጄ ስሙን ጠየቅሁት። ነገረኝ። እዚህ ልጽፈው ብዬ አስፈቀድኩት።

---

ላይቭ_ነኝ · እሑድ ምሽት 2፡33

ላይቭ ላስገባው? ሙሉ ሠፈር ያውቀዋል።

---

ኮዬ_ብሎክ · እሑድ ምሽት 2፡37

እሱንም ጠየቅሁት። "ኧረ በማርያም! የሦስት ብሎክ ሰው ከወዲሁ ሌሊት ሌሊት እየደወለ 'ውሃ መጣ ወይ' ይለኛል። ስሜን ከጻፍሽማ አዲስ አበባ በሙሉ ይደውልልኛል" አለኝ።